ቅቤ የጠጣው ወንበር

መኪናውን ይዤ ወገዳ የገባሁ ዕለት ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ደስ አለህ» ሊለኝ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ልጆቹ ከኋላ ከኋላ ሮጡ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከደስታው ድካሙ ይበልጥብኝ ነበር። መሪውን እንደያዝኩ ወንበሩን ደገፍ አልኩና «እፎይ፣ ከእንግዲህስ አርፋለሁ» አልኩ። የዚያ መኪና ወንበር ነው ሚስቴን ሊያሳጣኝ የነበረው።

ሙሉቀን እባላለሁ። ያኔም አሁንም ወገዳ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለኝ። አገራችንን ለማታውቁ፣ ደጋና ገደል ነው፤ ክረምት ሲገባ መንገዱ ይቦካና መኪና ብርቅ ይሆናል። ሚስቴ አትጠገብ ደግሞ አስም አለባት። ሲነሳባት የሰው ያለህ ያሰኛል። አየሩ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ አይወጣላትም፤ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አንድ ቃል ለመናገር እንኳ መሀል ላይ ታርፋለች። የሚነፋ መድኃኒት አላት፣ እኛ ፓፍ የምንለው። ብዙ ጊዜ ይበቃታል። የማይበቃት ቀን ግን ኦክስጅን ያለበት ሕክምና ቤት ካልደረሰች አበቃ፤ እሱ ደግሞ ያኔ ወገዳ አልነበረም።

መኪና ከመግዛቴ በፊት እንዲህ ያለው ቀን ሲመጣ በቃሬዛ ነበር የምትሄደው። ሁለት አጣና፣ መሀሉ በገመድ የተጠላለፈ፣ በሽተኛ የሚቀመጥበት። በእኛ አገር የቃሬዛ ወግ የሚባል አለ። በሽተኛ ከቤት ሲወጣ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ በሬውንም ፈትቶ፣ ሱቁንም ዘግቶ ይወጣል። መንገድ ላይ ቃሬዛ የተገናኘ ሰውም ባዳ ይሁን ዘመድ የያዘውን አውርዶ ትከሻውን ይሰጣል። እምቢ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ ግን ሰለቸኝ። ሚስቴን ተሸክመው ጭቃ ውስጥ የተንሸራተቱ ሰዎች በማግስቱ እህል ሊያስፈጩ ሲመጡ ቀና ብዬ ማየት ያቅተኝ ጀመር። ማንም አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ቢሆንም የሰው ትከሻ ላይ መኖር ይደክማል። መኪና የገዛሁት ለኩራት አይደለም፤ ማንንም ላለማስቸገር ነው።

መኪናው አሮጌ የመስክ መኪና ነበር። የፊተኛው ባለቤት ነጋዴ ነው፤ መንገድ በተዘጋጋበት ጊዜ ደብረ ታቦር አንድ ግቢ ውስጥ በሸራ ጠቅልሎ አቆመውና ክረምት ወጥቶ ክረምት ተተካበት። ደላላው በሩን ከፈተና ወንበሩን በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገ።

«ቆዳ ነው» አለኝ። «የዛሬዎቹን ላስቲክ እንዳይመስልህ። የድሮ ቆዳ!»

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«የቆመ መኪና ነዋ! ሁለት ቀን ስትነዳው ለቆት ይሄዳል።»

በስፌቱ ሥር ለሥር ነጭ ነገር ነበር። አቧራ መስሎኝ አለፍኩት። ወገዳ ስደርስ በጣቴ ስነካው ግን ለሰለሰኝ። ሻጋታ ነው። የኋላውን ወንበር ጎንበስ ብዬ ባየው ደግሞ ከሥሩ አረንጓዴ ሆኗል፣ ልክ እንደ ሰነበተ እንጀራ።

አትጠገብ የመጀመሪያውን ቀን ገብታ ተቀመጠች። ትንሽ ዞር ዞር እንዳልን እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ሙሌ፣ ይሄ ሽታ ደረቴ ላይ ይቀመጣል።»

«ይለቃል አሉ።»

«እንግዲህ ይልቀቅ» አለችና ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

ሐምሌን ሙሉ ከዚያ ወንበር ጋር ስታገል ከረምኩ። ከወፍጮ ስመለስ ራቴን ሳልበላ ጨርቄን ይዤ እገባለሁ። በሙቅ ውኃና በዱቄት ሳሙና አጠብኩት፤ ነጣ። በሳምንቱ ተመልሶ በቀለ። ደግሞ አጠብኩት፤ ደግሞ በቀለ። ፀሐይ ብትወጣ ኖሮ በሩን በርግጄ አደርቀው ነበር፤ ግን የሐምሌን ሰማይ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ዝናብ፣ ማታ ደግሞ ብርድ። ያፈሰስኩት ውኃ ሁሉ በስፌቱ ወደ ውስጥ ይገባ እንደነበር ያኔ አላሰብኩም።

በአጠገቤ የሚያልፍ ሁሉ መድኃኒት አለው። አንዱ «ሎሚ እሸው» ይለኛል። ሌላው «አመድ ነስንስበትና አሳድረው»። አንዱ ወዳጄ «አረቄ በጨርቅ ነክረህ ጥረገው» ሲለኝ አጠገቡ የነበረው ሰውዬ ተቆጣ፤ «ምን በደለህና ነው አረቄውን ለወንበር የምታጠጣው? እኔ የለሁም እንዴ!» ሳቅን። ሎሚውንም አመዱንም ሞከርኩ። አረቄውን ብቻ ተውኩት።

አማቴ እማማ ስንዱ ከገጠር የመጡት በፍልሰታ ጾም መሀል ነው። ልጃቸውን ሊጠይቁ፣ በዚያው መኪናውንም ሊያዩ። ዞረው ዞረው አዩት። ከዚያ በሩን አስከፈቱና ወንበሩን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። እማማ ስንዱ ቆዳ ያውቃሉ። ቤታቸው ያለው ስልቻ፣ አገልግል፣ አቁማዳ ሁሉ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል፤ ሁሉም ቅቤ እየጠጣ ነው የኖረው።

«ይኸማ ርቦት ነው» አሉ። «ውኃ እያጠጣችሁ አከሳችሁት። ቆዳ ቅቤ ነው የሚሻው፣ ልጀ።»

«ሻጋታውስ እማማ?»

«ሲጠግብ ይተወዋል።»

ጾም ስለሆነ ቅቤ የሚበላ ሰው የለም። ላም ግን አትጾምም፤ ትታለባለች፣ ወተቱ ይናጣል፣ ቅቤው ቤት ሙሉ ይሆናል። እማማ ስንዱ ለፍስክ ይሆናችኋል ብለው ትልቅ ቅል ሞልተው ይዘውልን መጥተው ነበር። ቅሉን ከፈቱና «ቆይቶ ከሚበላሽ ለልጄ መቀመጫ ይሁን» አሉ። እኔም አላንገራገርኩም። አባቴ ጅራፉን ቅቤ ሲቀባ እያየሁ አይደል ያደግኩት? እናትና ልጅ እጅጌያቸውን ሰብስበው የመኪናውን ወንበር በመዳፋቸው አሹት። ቆዳው ጠጣ። ጠጥቶም አማረበት፤ ጠቆረና አብረቀረቀ። ከዚያ ደግሞ «ሽታውን ወይራ ያወጣዋል» ብለው ፍም በገል አስገብተው፣ ወይራውን ጣል አድርገው፣ በሩን ሁሉ ዘግተው አጠኑት፤ የወተት ዕቃ እንደሚታጠነው ማለት ነው። በማግስቱ በሩን ስከፍት መኪናው እንደ ወተት ማለቢያው ግሬራ ግሬራ፣ አሬራ አሬራ ይሸታል። ጎረቤቶቼ «ሙሉቀን፣ ስንት ሊትር ትታለብልሃለች?» እያሉ ቀለዱብኝ።

ሻጋታው ጠፋ። እኛ እንዲያ ነው ያልነው። አትጠገብ ግን መኪናው ውስጥ ስትገባ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ማድረግ አልተወችም። «የቅቤው ሽታ ነው፣ ትለምጂዋለሽ» አልናት። እናቷ የደከሙበት ነገር ስለሆነ እሷም ዝም አለች።

ጾሙ ተፈታ። ከዚያ በኋላ በመጣው ዓርብ ጠዋት አትጠገብ ደረቷ ጠበብ አለባት። ከባድ አልነበረም፤ ፓፏን ስባ ተሻላት። እኔ ግን ሰማዩን አየሁና ፈራሁ። ዝናቡ ይጠነክራል፤ መንገዱ ሳይዘጋ ደብረ ታቦር ደርሰን ሐኪም ይያት ብዬ ወሰንኩ። ለዚህ አይደል እንዴ መኪናው የተገዛው? እማማ ስንዱም «አብሬ እሄዳለሁ» አሉ። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡና ልጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሟት፤ ጋቢዬን ከሥር አነጠፉላት፣ ነጠላ አለበሷት። ፊቷ ወደ ወንበሩ መደገፊያ ዞሮ ነበር። መስኮቱን እስከ ጫፍ ዘጋሁት።

ወጣን። ዝናቡ መስታወቱን ይመታዋል። በውስጥ በኩል በትንፋሽ ጭጋግ ሲሆንብኝ ማሞቂያውን ከፈትኩ። ሙቀቱ መጣ። መጀመሪያ የቀለጠ ቅቤ ሸተተኝ። ቆየት ብሎ ከቅቤው ሥር ሌላ ሽታ ተነሳ፤ ቆልፈው የረሱት ጓዳ ሲከፈት የሚወጣው ዓይነት። መንገዱ ዓይኔን ስለያዘው አላሰብኩበትም።

«እማየ…» አለች አትጠገብ ከኋላ። «መስኮቱን… ትንሽ…»

«ምን ነካሽ ልጀ! ይህን ዝናብ አታይም? ብርድ ይመታሻል!» ከዚያ ወደ እኔ፣ «ሙሉቀን፣ እንዳትከፍተው!»

«እሺ እማማ።»

መቼም እኛን ታውቁናላችሁ። አውቶቡስ ውስጥ ሰው በሙቀት ቢያልቅ መስኮት የሚያስከፍት የለም። በሽተኛ ከተጫነማ ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል። እኔም በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየሁ ከእማማ ጋር ተስማምቼ ነበር፤ ብርዱን ነበር የፈራሁት።

ፓፉን ሳበች። ጥቂት ሄድን። ደግማ ሳበች። ከዚያ ሲር… ሲር… የሚለው የደረቷ ድምፅ ከሞተሩ በላይ ይሰማኝ ጀመር። ላብ ጀርባዬን አጠበው። ነዳጁን ረገጥኩት። አርብ ገበያ ከምትባለው ከተማ ከመድረሳችን በፊት ወንዝ የሚወርድበት ጠማማ አለ፤ እዚያ ስደርስ አጣና የጫነ የጭነት መኪና መንገዱን በአግድም ዘግቶ ጭቃ ውስጥ ሰምጧል። ሰዎች ከበው ይገፋሉ። ወርጄ ሮጥኩ።

«ይወጣል ወይ?»

«እስከ ቀትርም ከወጣ ጥሩ ነው» አለኝ ሹፌሩ፣ ፊቱ ሁሉ ጭቃ ሆኖ።

«በሽተኛ ይዣለሁ።»

እጁን ዘርግቶ በአንድ በኩል ገደሉን፣ በሌላ በኩል ግንብ የሚያህለውን አፋፍ አሳየኝ።

ተመልሼ የኋላውን በር ስከፍት የአትጠገብ ከንፈር ጠቁሯል። እኔን እንዳየች በእጆቿ ወንበሩን እየቧጠጠች ወደ በሩ ተሳበች። ልትወድቅ ስትል ያዝኳትና አውጥቼ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት። እማማ ስንዱ እየጮሁ ጥላ ይዘው ወጡ። ዝናቡ ከጥላው ዳርና ዳር ይወርዳል። አትጠገብ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ አየሩን ትጎትታለች። ትንሽ ቆየች፤ ደግሞ ትንሽ። ከንፈሯ ቀላ አለ። «ውኃ» አለች።

«ተመስገን! ተመለሰችልኝ!» አሉ እማማ። «በል አሁን አስገባት፣ ልብሷ ረጠበ።»

አስገባኋት። በሩን ዘጋን። እማማ በጋቢው ጥቅልል አደረጓት። ገና ሳይመቻቹ ትንፋሿ እንደገና ተያዘ፤ ከፊቱም ባሰ። ዓይኗ ወደ እኔ ነው። መናገር አቅቷት በሩን በመዳፏ መታችው። አወጣኋት።

«አታስገቡኝ» አለች፣ በየፊደሉ እያረፈች።

እዚያች ዝናብ ላይ ቆሜ ነው ነገሩ የገባኝ። ስትገባ ትታፈናለች፤ ስትወጣ ይሻላታል። ብርዱ ቢሆን ኖሮ ውጭ ነበር የሚብስባት። ሄጄ ራሴን መኪናው ውስጥ አስገባሁና ጋቢውን ገለጥኩት። አፍንጫዋ ተደግፎበት የነበረው የወንበሩ ስፌት በቅቤው ውስጥ አቋርጦ አረንጓዴ አብቅሏል። በመዳፌ ጫን አልኩት። ከስፌቱ ጥቁር ውኃ ወጣ። ሲደርቅልኝ የነበረው ላዩ ብቻ ኖሯል፤ ውስጡ የሐምሌን ውኃ ሁሉ ይዞ ይበሰብስ ነበር። እኛም በቅቤ ከደንነው፣ መገብነውም።

«ሙሉቀን! ምን ትሠራለህ? ልጄን አስገባልኝ እንጂ!»

«አትገባም እማማ።»

«በዝናብ ልትገድላት ነው?»

«መኪናው ነው የሚገድላት! መኪናው ነው እያልኩዎት!»

አማቴ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነበር። ጩኸቴ ሲያልቅ የመኪናውን ጎማ ተደግፌ ተቀመጥኩ። የገዛሁት ነገር ሊገድላት ነው፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ ፓፉ ሊያልቅ ነው፤ እኔ ደግሞ ደክሞኛል። እንዲያው ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

ዓርብ ስለሆነ መንገዱ ላይ ገበያተኛ ነበር። አንድ አህዮች የሚነዳ ሰው መጥቶ ቆመ። ሽርጥ ያገለደመ፣ ጢሙ የሸበተ፣ የላስቲክ ጫማና ሳሙና የጫነ ነጋዴ ነው። እንድሪስ መባሉን በኋላ ነው ያወቅኩት።

«ምን ሆና ነው?» አለኝ።

«ትንፋሽ አጠራት።»

«መኪናህስ?»

«ውስጡ ያፍናታል፤ አትችለውም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይከራከረኝ ነበር። እሱ አንዴ አትጠገብን፣ አንዴ መኪናውን አየ። ከዚያ ወደ ጭነት መኪናው ዞረና እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ።

«ወንድሞች! እህታችን ታማብናለች! ትከሻ!»

ስሟን እንኳ የማያውቃትን ሴት «እህታችን» አላት። የሚገፉት ሰዎች መኪናውን ትተው መጡ። ሹፌሩ ራሱ ከጭነቱ ሁለት ቀጫጭን አጣና መዞ አወረደ። እንድሪስ የአህዮቹን መጫኛ ፈታና ሰዎቹ በፍጥነት ጠለፉት። ጋቢዬን ከላይ አነጠፍኩ። አትጠገብን ሊያስተኟት ሲሉ እጇን አወናጨፈች፤ ስትተኛ ትታነቃለች። እንድሪስ ገባው። አህያው ጀርባ ላይ የሚነጠፈውን ድርብ ጆንያ አመጣና ጀርባዋን ደግፎ አቀናት።

«አህዮቹስ?» አልኩት።

«አህያ የት ይሄዳል? ሹፌሩ ያይልኛል። ተነሳ፣ ያዝ!»

ያዝኩ። ከፊት በግራ በኩል ነበርኩ። ጭነት መኪናውን በአፋፉ ጥግ እየተጠጋን አለፍነውና ዳገቱን ጀመርነው። ጭቃው እግር ይይዛል፤ አጣናው ትከሻ ይበላል። ከገበያተኛው የተገናኘን ሁሉ ዕቃውን ዳር ላይ እያስቀመጠ ይገባል፤ «እግዜር ይማራት» ይላል፣ የደከመውን ይተካል። ማን ትባላለች፣ የማን ዘመድ ናት ብሎ የጠየቀ የለም። እማማ ስንዱ ከኋላችን ጥላውን ዘርግተው ሊደርሱብን እየሮጡ ነው። ሰዎቹ እኔን ሊተኩኝ ሲመጡ እምቢ አልኩ። ትንፋሿ ከጆሮዬ በላይ ነበር፤ እሱን ካልሰማሁ መራመድ የምችል አልመሰለኝም።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስንደርስ ድምፁ ተቋረጠ።

ሲር ሲሩ የለም። ሳሉ የለም። የሰዎቹ እግርና የዝናቡ ድምፅ ብቻ። መዞር ፈራሁ።

«አትጠገብ!» አልኩ።

መልስ የለም።

«አውርዷት! ቁሙ!» ብዬ ጮህኩ።

«እንዳትቆም!» አለ እንድሪስ ከቀኝ በኩል። «ብንቆም ነው የምናጣት። ሂድ ወንድሜ፣ እያየህ ሂድ።»

ሄድኩ። እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። የጸሎት ቃል እንኳ ከአፌ ጠፍቶ «እባክሽ፣ እባክሽ» እያልኩ ነበር። በዚያ መሀል የሆነ ነገር ጭንቅላቴን ነካኝ። የአትጠገብ እጅ ነው። ጣቶቿ ፀጉሬ ውስጥ ገቡና ጨበጡ፤ ያሳምም ነበር። እንዲያ እንደያዘችኝ ነው አርብ ገበያ የገባነው።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ተቀበሉን። ኦክስጅኑን አፍንጫዋ ላይ አደረጉላት፣ መርፌ ወጓት። ጤና መኮንኗ ወጣት ናት፤ ደረቷን እያዳመጠች «ምን አስነሳባት?» አለች።

«ብርዱ ነው ልጀ» አሉ እማማ ስንዱ። «ብርድ መታብኝ።»

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ጤና መኮንኗ ግን አትጠገብ የተጠቀለለችበትን ጋቢ ጫፍ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና ፊቷን አጨማደደች።

«ይኼ ምን ነካው? ሻጋታ ነው የሚሸተው! ከዚህ አውጡልኝ። አስም ያለባትን ሴት በሻጋታ ታፍናላችሁ እንዴ?»

እማማ ስንዱ ጋቢውን ሰብስበው አወጡት። ሲቆዩብኝ ተከትያቸው ወጣሁ። ቨራንዳው ጥግ ላይ ቆመው፣ ጋቢውን አንዴ ያሸታሉ፣ አንዴ መዳፋቸውን ያሸታሉ።

«ከወንበሩ ነው» አሉኝ ሳያዩኝ። «ከዚያ እኔ ካሸሁት።»

«ሁላችንም ነን እማማ።»

«መስኮቱንም ክፈቱልኝ ብላኝ ነበር።»

አጠገባቸው ቆምኩና ዝናቡን አየነው።

ከሰዓት በኋላ አትጠገብ ጭምብሉን በጣቷ ዝቅ አደረገችው። ምን ልትል ነው ብለን እኔም እማማም አጎነበስን።

«አህዮቹን…» አለች። «ማን ያዘለት?»

ሳቅኩ፤ ሳቄ ወደ ልቅሶ ተለወጠብኝ። እማማ «እኔን! እኔን!» እያሉ ግንባሯን ሳሙት። እኔም እንድሪስን ፍለጋ ወጣሁ። ገበያው ሊበተን ተቃርቧል። አህዮቹን አስመልሶ አምጥቶ ጫማዎቹን ላስቲክ ላይ ገና ሲደረድር አገኘሁት።

«ተነፈሰች?» አለኝ እኔ ሳልናገር።

«ተነፈሰች።»

«አልሐምዱሊላህ። ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ወደሷ ሂድ!»

እጁን በሁለት እጄ ጨበጥኩት። ወደሷ ሄድኩ።

መኪናውን በኋላ ደብረ ታቦር ወስጄ የመኪና ወንበር ለሚሰፋ ሰው ሰጠሁት። ቆዳውን በቢላዋ ሲተረትረው ስፖንጁ ጠቁሮ ወጣ፤ ሲጨምቀው ወለሉ ረጠበ። «ማነው ቅቤ የቀባው?» ብሎ ሲጠይቀኝ «እኔ ነኝ» አልኩት። ሰውዬው ሳቀና ሥራውን ቀጠለ። ሻጋታ ቅባት ሲያገኝ እንደሚፋፋ፣ ላዩን ማጠብ ውኃውን ወደ ስፖንጁ መላክ እንደሆነ፣ ያን ጊዜ ወንበሩን አስፈትቼ ስፖንጁን አውጥቼ አየር ላይ ማሰንበት እንደነበረብኝ እየሰፋ ነገረኝ። ቆዳው ብቻውን ቢሆን ኖሮ አረቄ በነካ ጨርቅ ይጠረግ ነበርም አለ። አዲስ ስፖንጅ አስገባና በጨርቅ ሰፋው። የሚያምር አይደለም፤ ግን ምንም አይሸትም። አትጠገብ ራሷ በአፍንጫዋ መርምራ ነው የተቀበለችው። እናቷ ዛሬም ነገሩ ሲነሳባቸው ይሸማቀቃሉ፤ እሷ ግን «እማየ፣ እንዲያው ቢሆንም ወንበሩን አሳምረሽው ነበር» እያለች ታሾፍባቸዋለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቆሞ የኖረ መኪና ስትገዙ ቆዳው ማማሩን ተዉትና ጎንበስ ብላችሁ አሽትቱት። እቤታችሁ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ደግሞ እሱን አስቀድማችሁ አስገቡት፤ «ደረቴን ያዘኝ» ካላችሁ እመኑት። አትጠገብ የመጀመሪያውን ቀን ነግራን ነበር። ሰፈሩ ሁሉ መድኃኒት ሲያዋጣ እሷን መልሶ የጠየቃት ግን አልነበረም። ደግሞስ እኔ መኪና ካለኝ ሰው አያስፈልገኝም ብዬ ነበር የተነሳሁት። ዛሬ እህል ሊያስፈጭ የሚመጣውን ሰው ቀና ብዬ አየዋለሁ። ሚስቴን የተሸከመ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ቃሬዛዋ ቢያጋጥመው ግን ይሸከማት ነበር።

ድካሙ እንኳ አልለቀቀኝም። ከዚያ ዓርብ ወዲህ ብሶብኛል። ወፍጮው እየጮኸ ሳለ ሲር የሚል ድምፅ የሰማሁ ይመስለኝና ሠራተኛዬን «መጣሁ» ብዬ ወደ ቤት እሄዳለሁ። ቁልፍ ረሳሁ እላለሁ፣ ውኃ ጠማኝ እላለሁ። አትጠገብ በር ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም አገኛታለሁ። ቀና ብላ እንኳ አታየኝም።

«አለሁ» ትለኛለች። «ሂድ እህልህን ፍጭ።»